ሃጂ፦ ሪያል ማድሪድም ባርሴሎናም ያልተጠቀሙበት አስር ቁጥር

ግራ_እግር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን እዚሁ መድረክ ላይ "የዘጠናዎቹ ምርጥ አስር ቁጥር ማነው?" የሚል ክርክር ጦፎ ነበር። አስር ቁጥር ማለት ከአጥቂዎቹ ኋላ ሆኖ ጨዋታውን የሚመራው ማለት ነው። ባጂዮ ተባለ፣ ዚዳን ተባለ፣ ሪቫልዶ ተባለ። የጌዮርጌ ሃጂን ስም ያነሳው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱንም "ሪያል ሞክሮ ጣለው፣ ባርሳ ሞክሮ ጣለው፣ ቱርክ ሄዶ ነው ንጉሥ የሆነው" ብላችሁ አፉን አስዘጋችሁት። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ የራሱን ክር ልክፈትለት አልኩ።

ለወጣቶቹ ባጭሩ ልበል፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ሃጂ የተወለደው የካቲት 1965 ነው፣ ሳቸሌ የምትባል የሮማኒያ መንደር፣ የጥቁር ባሕር ወደብ ከሆነችው ኮንስታንታ ብዙም ሳይርቅ። በ17 ዓመቱ ለከተማው ክለብ ዋናው ሊግ ላይ ተሰለፈ። በ18 ዓመቱ ብሔራዊ ቡድን ገባ። ቡካሬስት መጥቶ ስፖርቱል ስቱደንቼስክ ለሚባል ክለብ ሲጫወት ሁለት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ 1985 ላይ 20 ጎል፣ 1986 ላይ 31። አማካይ ነው እንግዲህ፣ አጥቂ አይደለም። ከዚያ የቡካሬስቱ ስቴያዋ፣ ሪያል ማድሪድ፣ የጣልያኑ ብሬሻ፣ ባርሴሎና፣ መጨረሻ ላይ የቱርኩ ጋላታሳራይ። ለሀገሩ ከ120 በላይ ጨዋታ አድርጎ 35 ጎል አግብቷል። ያንን የጎል ቁጥር እስካሁን የደረሰበት አድሪያን ሙቱ ብቻ ነው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ሃጂ እንደ አንዱ ሆኖ ቡድን ውስጥ የሚሰካ ሰው አልነበረም። ኳሱ በሱ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ቡድኑ ሲሠራ ነው ሃጂ ሃጂ የሚሆነው። ሮማኒያ ይሄ ገባት። ጋላታሳራይም ገባው። ሁለቱ የስፔን ክለቦች ግን ስሙን ገዙና የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። ምን ትላላችሁ?

ካታንጋ_ልጅ

አቦ ተመስገን፣ የሚያስታውሰው ተገኘ። ግን "ቡድኑ በሱ በኩል ሲሠራ" ማለት በአማርኛ "ሌላው ሲሮጥለት" ማለት ነው ሃሃሃ። ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ ሲመለስ ያየው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ነጩ_ቤት

የሪያል ደጋፊ ነኝና እኔን ስሙኝ። "ሪያል ጣለው" የሚለው አባባል ያናድደኛል። ሃጂ 1990 ላይ ሲመጣ የገባው ተከታታይ አምስት ሊግ በልቶ እየደከመ ወዳለ ቡድን ነው። በመጀመሪያው ዓመት አሰልጣኙ ቶሻክ ተባረረ፣ ዲ ስቴፋኖ ለጊዜው ያዘ፣ ከዚያ አንቲች መጣ። በሁለተኛው ዓመት አንቲች ሊጉን እየመራ እያለ ተባረረና ቤንሃከር ገባ። በሁለት ዓመት አራት አሰልጣኝ! የትኛው አስር ቁጥር ነው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚረጋጋው?

ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ልጁ እየነቃ ነበር። ሰኔ 1992 የመጨረሻው ቀን ቴነሪፌ ላይ ያለውን ጨዋታ አስታውሱ። ሪያል ካሸነፈ ሻምፒዮን ነው። ኢየሮ አንድ አገባ። ሁለተኛውን ሃጂ ከሩቅ በቅጣት ምት ለጠፈው። 2 ለ 0። ከዚያ ምን ሆነ? 3 ለ 2 ተሸነፍን፣ ሊጉን ባርሳ ወሰደው። ያን ቀን ሃጂ ሥራውን ሠርቷል። ከኋላ የነበሩት ናቸው ያፈረሱት። በሳምንታት ውስጥ ሃጂ ብሬሻ ነበር።

ካታንጋ_ልጅ

ቴነሪፌን ባታነሳብኝ ጥሩ ነበር። አባቴ የሪያል ደጋፊ ነው፣ ያንን ቀን እስከዛሬ ይረግማል።

የሬጂ_ዶርም

ልጆች፣ እኔ እንኳ መድረክ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ ማንበብ ነው የምወደው። ግን ሃጂ ከተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ቡካሬስት ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ዶርማችን ሬጂ በሚባለው የተማሪዎች ሰፈር ነበር፣ የስፖርቱል ሜዳ ደግሞ እዚያው አጠገባችን። ስሙም እንደሚናገረው የተማሪዎች ክለብ ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ በእግር ሄደን እንገባለን። መግቢያው ርካሽ ነው፣ ሌላ የሚደረግ ነገርም የለም።

ሃጂን ያየሁት እዚያ ነው፣ ገና ሃያ ዓመት አካባቢ ሳለ። አጭር ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ወፍራም። ሩጫው ፈጣን አይደለም፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እርምጃዎቹ ግን ሰውን ትተው ይሄዳሉ። የሚገርመኝ የነበረው ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም ነው። ኳሷን ራሱ ያስቀምጣል፣ ያነሳታል፣ ያዞራታል፣ እንደገና ያስቀምጣል። ዳኛው ይጮህበታል። እሱ አይሰማም። ከዚያ ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ይልና በግራው ይልካታል። አጠገባችን የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ ገና ሳይመታ ተነስተው ያጨበጭባሉ።

ጊዜው ክፉ ነበር። ክረምት ላይ ዶርሙ ማሞቂያ አይሠራም፣ መብራት ይቆጠባል፣ ለዳቦ ሰልፍ ነው። ቴሌቪዥኑ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይተላለፋል፣ እሱም ከመሪው ንግግር የሚተርፈው። ሮማኒያኖቹ ኳስ ለማየት አንቴናቸውን ወደ ቡልጋሪያ አዙረው የቡልጋሪያን ቲቪ ነበር የሚያዩት። ቋንቋው ባይገባቸውም ኳሱ ይገባቸዋል። እንዲህ ባለ ሀገር ሃጂ ምን እንደነበረ ዛሬ ለልጆቼ ማስረዳት ያቅተኛል።

ግራ_እግር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እንዲህ ዓይነቱን ነገር የትም አናገኘውም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከስፖርቱል ወደ ስቴያዋ የሄደው በትእዛዝ ነው ይባላል። እውነት ነው?

የሬጂ_ዶርም

የውስጡን እኔ ተማሪው ከየት አውቄው ልጄ። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ልንገርህ። ስቴያዋ የጦር ሠራዊቱ ክለብ ነው። ዲናሞ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ማለትም የፖሊሱና የጸጥታው። ከስቴያዋ ጀርባ የሀገሪቱ መሪ የቻውሼስኩ ትልቁ ልጅ ቫለንቲን ነበረ። ስቴያዋ 1986 ላይ ሴቪያ ከተማ ባርሴሎናን በፔናልቲ አሸንፎ የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ (የዛሬውን ሻምፒዮንስ ሊግ) በላ። በረኛው ዱካዳም አራት ፔናልቲ ተከታትሎ ያዳነባት ምሽት ነች። ሃጂ ያኔ አልነበረም።

የካቲት 1987 ሞናኮ ላይ ለሱፐር ካፕ (የአውሮፓ ሁለት ዋንጫ አሸናፊዎች የሚገጥሙበት) ከዲናሞ ኪየቭ ጋር ሲገጥሙ ነው ሃጂን ያመጡት። ለዚያች አንድ ጨዋታ ተብሎ ነው የመጣው። ብቸኛዋን ጎል በቅጣት ምት እሱ አገባ፣ 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ ማን ይመልሰው? ስፖርቱልም ጠይቆ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። የኛ ሰፈር ሰው ብዙ አዝኗል።

በስቴያዋ ሦስት ጊዜ ተከታታይ ሊጉን በላ። 1989 ላይ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱና ካምፕ ኑ ላይ ሚላን በጉሊትና በቫን ባስተን ጎሎች 4 ለ 0 ቀጣቸው። አንዱን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። 1988 የሮማኒያ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ስቴያዋ ዲናሞ ላይ በመጨረሻው ደቂቃ ያገባው ጎል ተሻረና ተጫዋቾቹ ሜዳውን ጥለው ወጡ። ጥሎ የወጣ ይሸነፋል አይደል ሕጉ? ዋንጫው ለስቴያዋ ተሰጠ። ከአብዮቱ በኋላ ነው ክለቡ አልፈልገውም ያለው።

ውጭ ሄዶ መጫወት ደግሞ የማይታሰብ ነው። የስቴያዋው ተከላካይ ቤሎዴዲች 1988 ላይ ወደ ዩጎዝላቪያ ኮብልሎ ነው የተጫወተው። ሃጂ የወጣው ታኅሣሥ 1989 ቻውሼስኩ ከወደቀ በኋላ፣ በ25 ዓመቱ ነው።

ካታንጋ_ልጅ

በ25! ዛሬ ቢሆን በ17 ዓመቱ ነበር የሚሸጠው። ጋሼ ይጻፉልን እንጂ፣ ምን ማንበብ ብቻ ነው።

ጥላ_ፎቅ

ጋሼን አከብራለሁ፣ ታሪኩም ይመስጣል። ግን ናፍቆት ሌላ፣ ሚዛን ሌላ። ልጠይቅ። ሃጂ ትልልቅ ቀናት ላይ ምን አደረገ?

ግንቦት 2000፣ ኮፐንሃገን። የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ ከአርሰናል ጋር። ተጨማሪው ሰዓት ገና ከመጀመሩ ቶኒ አዳምስን መትቶ በቀይ ወጣ። ቡድኑ በዐሥር ሰው ቀረ። ሰኔ 2000፣ ብራስልስ። የአውሮፓ ሀገሮች ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከጣልያን ጋር። አንድ ቢጫ እያለበት ፔናልቲ ፍለጋ ወደቀ፣ ሁለተኛ ቢጫ፣ ወጣ። ለሀገሩ የተጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ እሱ ነው። 35 ዓመቱ፣ አምበል ነው፣ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ቀይ። ይሄ ነው ምርጥ አስር ቁጥር?

የወርቅ ኳስስ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት? ምርጡ ዓመቱ በሆነው 1994 እንኳ አራተኛ ነው። ቡልጋሪያዊው ስቶይችኮቭ ወሰደው። ስቶይችኮቭም ከዚያው ከምሥራቅ ነው የመጣው፣ ባርሳ ላይም ነገሠ። ስለዚህ "ስፔኖች አልገባቸውም" የሚለው አይሠራም።

ሰላም_ልደታ

ጥላ_ፎቅ በናትህ፣ የ1994ን የዓለም ዋንጫ በአንድ መስመር አልፈህ ቀይ ካርድ ላይ ትንጠለጠላለህ?

እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ በኛ ሰኔ 1986። ወንድሞቼ ሁሉም ለኮሎምቢያ ነበሩ። ለምን ቢባል ኮሎምቢያ ባለፈው መስከረም አርጀንቲናን በገዛ ሜዳዋ 5 ለ 0 አሸንፋለች፣ ፔሌ ሳይቀር ለዋንጫ ገምቷታል። ቫልዴራማና ፀጉሩም አለ። ሮማኒያን ማንም አልቆጠራት። ውጤቱ 3 ለ 1፣ ለሮማኒያ። አጥቂው ራዱቾዩ ሁለት አገባ፣ ሁለቱንም ኳሶች የላካቸው ሃጂ ነው።

የራሱን ጎል በማግስቱ ስትደገም ነው ያየኋት። 34ኛው ደቂቃ። ግራ መስመር ጠርዝ ላይ ነው፣ መስመሩ ጥግ ድረስ ሄዷል። ከዚያ ማንም ጎል አይመታም። ሁሉም ያሻማል ብሎ ወደ ውስጥ እየሮጠ ነው። በረኛው ኮርዶባ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ትንሽ ብቻ። ሃጂ ቀና ብሎ አየና በግራው አነሳት። ኳሷ በበረኛው አናት ላይ አልፋ ሩቁ ማዕዘን ወረደች። ወንድሜ "ሊያሻማ ነው የፈለገው" ብሎ እስከዛሬ ይከራከረኛል። ቀና ማለቱን እዩዋ! ለማሻማት ማን በረኛ ያያል?

ሎሳንጀለስ_ነኝ

ሰላምዬ ትክክል ነሽ። እኔ ደግሞ የአርጀንቲናውን በዓይኔ ነው ያየሁት። ሎስ አንጀለስ ነበርኩ፣ ጓደኛዬ ቲኬት አግኝቶ ፓሳዴና ሮዝ ቦውል ሄድን። ሐምሌ 3፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ከዘጠና ሺህ ሰው ያላነሰ አለ። እኛ አርጀንቲናዎች መሃል ገባን። ማራዶና በኤፌድሪን ተይዞ ታግዷል፣ ግን ማልያው በየቦታው ነው።

የሮማኒያው አሰልጣኝ ዮርዳኔስኩ ብልህ ነበር። ራዱቾዩ በቢጫ ታግዷል። ሌላ አጥቂ ከማስገባት ዱሚትሬስኩን ፊት አደረገው። ኳሱን ለአርጀንቲና ለቀቁላቸው። እነሱ ጠበቁ። ኳስ ሲነጥቁ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሃጂን ነው፣ ሁልጊዜ። ሃጂ ደግሞ አይቸኩልም።

ዱሚትሬስኩ መጀመሪያ በቅጣት ምት አገባ። ባቲስቱታ በፔናልቲ አቻ አደረገ። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ሃጂ ከቀኝ በኩል ተከላካዮቹን ሰንጥቆ አንድ ኳስ ላከ። ከላይ ተቀምጬ ያ ክፍተት አልታየኝም ነበር። ኳሷ ስትሄድ ነው የታየኝ። ዱሚትሬስኩ ነካ ብቻ አደረጋት። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ዱሚትሬስኩ ይዞ ሮጠ፣ ቆም ብሎ ሃጂን ጠበቀውና ሰጠው። ሃጂ በቀኝ እግሩ፣ አዎ በቀኙ፣ ሳያቆም መታት። 3 ለ 1። ባልቦ አንድ ቢመልስም 3 ለ 2 አለቀ።

ጎናችን የነበረው አርጀንቲናዊ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ለሃጂ አጨበጨበ። የካርፓቲያ ማራዶና የሚሉት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እውነተኛው ማራዶና ደግሞ ማልያ መልበስ ተከልክሎ ነበር።

ጥላ_ፎቅ

ደህና። ከስዊድን ጋርስ? ስዊዘርላንድስ 4 ለ 1 ስትገርፋቸው?

ሎሳንጀለስ_ነኝ

ስዊዘርላንድ ላይ የገባችውን አንዷን ማን ያገባት ይመስልሃል? ሃጂ ነው። ስዊድን ጋር 2 ለ 2 ወጥተው በፔናልቲ ነው የወደቁት። ሃጂ የሱን አግብቷል። የስዊድኑ በረኛ ራቬሊ ያዳነው የፔትሬስኩንና የቤሎዴዲችን ነው። እዚህ ላይ ምን ያድርግ፣ በረኛም ይሁንላችሁ?

አስተዳዳሪ

ወገኖች፣ ክሩ እያማረ ነው፣ አታበላሹት። ስድብ ያለባቸውን አስተያየቶች አንስቻለሁ። በኳሱ ተከራከሩ።

ግራ_እግር

ወደ ጥላ_ፎቅ የስቶይችኮቭ ጥያቄ ልመለስ፣ ምክንያቱም ጥሩ ጥያቄ ነው።

አሁን ያለው ልጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ያኔ ለአውሮፓ ተጫዋቾች የቁጥር ገደቡን ያነሳው የቦስማን ሕግ አልመጣም። ስፔን ውስጥ አንድ ክለብ ሜዳ ላይ ማሰለፍ የሚችለው ሦስት የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው። ሃጂ በ1994 ክረምት ባርሳ ሲገባ ስቶይችኮቭ፣ ኩማንና ሮማሪዮ አሉ። አራት ሰው ለሦስት ቦታ! አሰልጣኙ ክራይፍ ማንን ያስቀምጥ? ተከላካዩንና ቅጣት ምት መቺውን ኩማንን? የዓለም ዋንጫ ኮከብ ሮማሪዮን? የወርቅ ኳስ የሚወስደውን ስቶይችኮቭን? ሮማሪዮ ጥር ላይ ወደ ብራዚል ተመለሰ፣ ያኔ ደግሞ ቡድኑ ራሱ እየፈረሰ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ፊጎ መጣ፣ ፕሮሲኔችኪ መጣ፣ ኮድሮ መጣ፣ ፖፔስኩ መጣ። ጉዳትም ነበረበት። በሁለት ዓመት 36 የሊግ ጨዋታ፣ 7 ጎል።

ስቶይችኮቭ ደግሞ አጥቂ ነው። አጥቂ ሩጫና ጎል ካለው የትም ይገባል። የክራይፍ ኳስ ግን በአንድ ሰው በኩል አያልፍም። ጓርዲዮላ ነካ አድርጎ ይሰጣል፣ ባኬሮ ነካ አድርጎ ይመልሳል። ሃጂ ኳስ ይዞ ማሰብ የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ጥፋቱ የማንም ላይሆን ይችላል፣ የተበላሸው ግብይቱ ነው።

ብሬሻን ደግሞ ማንም አላነሳም። ሰውዬው ከሪያል ወጥቶ ሉቼስኩ ወደሚያሠለጥነው፣ ራዱቾዩና ሳባው ወዳሉበት ትንሽ የጣልያን ክለብ ሄደ። ወረዱ። ሃጂ አልሸሸም። ሴሪ ቢ፣ ማለትም ሁለተኛው ዲቪዥን ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ተጫውቶ ክለቡን መለሰው። መጋቢት 1994 ዌምብሌይ ላይ ኖትስ ካውንቲን አሸንፈው የእንግሊዝና የጣልያን ሁለተኛ ዲቪዥን ክለቦች የሚገጥሙበትን ዋንጫ በሉ። ሦስት ወር ቆይቶ ያው ሰው አርጀንቲናን አሰናበተ። ዛሬ አንድ የዓለም ኮከብ ሁለተኛ ዲቪዥን ቆይቶ የዓለም ዋንጫ ላይ እንዲህ ሲሆን ማየት ትችላላችሁ?

ነጩ_ቤት

የብሬሻው ትልቅ ነጥብ ነው። ወኪሉ ዛሬ ቢሆን በዚያው ሳምንት ያወጣው ነበር።

ቦስፎር

ከኢስታንቡል ነኝ፣ እዚህ ስኖር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጥላ_ፎቅ ስለ ኮፐንሃገን ያለው እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገረን።

ሃጂ 1996 ጋላታሳራይ ሲመጣ 31 ዓመቱ ነው። አልቆለታል ጡረታ ሊያድር ነው የመጣው ተብሎ ነበር። አሰልጣኙ ፋቲህ ቴሪም ግን አንድ ነገር አደረገ። ኳሱን ለሃጂ ሰጠው፣ ሩጫውን ለወጣቶቹ። ኤምሬ፣ ኦካን፣ ኡሚት ይሮጡለታል፣ ሃካን ሹኩር ፊት ይጠብቃል። ግራ_እግር መጀመሪያ ላይ ያለው ነገር ማለት ነው። አራት ሊግ በተከታታይ። በሊጉ 132 ጨዋታ 59 ጎል። በ31 ዓመቱ ከመጣ አማካይ!

የ2000ውን ጉዞ ተመልከቱ። ከሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ሦስተኛ ሆነው ሲወጡ በመጨረሻው ጨዋታ ሚላንን 3 ለ 2 አሸንፈው ነው ዩኤፋ ካፕ የገቡት። ከዚያ ቦሎኛ፣ ዶርትሙንድ፣ ማዮርካ፣ ሊድስ። ሊድስ ሜዳ ላይ፣ ኢስታንቡል ላይ ሁለት ደጋፊዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ስታዲየሙ በቁጣ እየነደደ ሳለ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፔናልቲ ተገኘ። ማን ይምታ? ሃጂ። አስቀመጣት፣ አገባት። ትልቅ ቀን ላይ ምን አደረገ ላልከው።

ፍጻሜው ላይ መውጣቱ ጥፋት ነው፣ ማንም አይክደውም። ዐሥሩ ልጆች ቆሙ። ቡለንት ትከሻው ወልቆ ታስሮለት ተጫወተ፣ በረኛው ታፋሬል ያልሆነ ነገር አዳነ። ፔናልቲ ላይ የአርሰናሎቹ ሹከርና ቪዬራ ብረት መቱ። የመጨረሻዋን የመታው ፖፔስኩ ነው፣ የሃጂ ዋርሳ። ሚስቶቻቸው እህትማማች ናቸው። የቱርክ ክለብ ከአውሮፓ ዋንጫዎች አንዱን ሲበላ የመጀመሪያው ነበር። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሪያልን ሱፐር ካፕ ላይ 2 ለ 1።

እዚህ ከተማ ዛሬም "አይ ላቭ ዩ ሃጂ" እያሉ የሚዘፍኑ አሉ። ሰውዬው ተጫውቶ ካቆመ 2001 ነው።

ጥላ_ፎቅ

የሊድሷን እቀበላለሁ። ብራስልስን ግን አትነካኩብኝ።

ሰላም_ልደታ

ብራስልስ ላይ ከመውጣቱ በፊት የጣልያኑ በረኛ ቶልዶ ወጥቶ ሳለ ኳሱን ብረት ላይ እንደመታው ታስታውሳለህ? አንድ ጣት ብትገባ ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

ካታንጋ_ልጅ

1998 የዓለም ዋንጫ ላይ ሁሉም ፀጉራቸውን ቢጫ የተቀቡበትን ማንም አላነሳም! እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፈው ማለፋቸውን ካረጋገጡ በኋላ ቱኒዚያ ላይ በቢጫ ፀጉር ወጡ። በረኛው ስቴሌያ መላጣ ስለነበር ብቻውን ተረፈ። አሰልጣኙ ዮርዳኔስኩም ቃሉን ጠብቆ ተላጨ። እኛ ቤት ማን ማን እንደሆነ መለየት አቃተን፣ ሃጂን የለየነው በአካሄዱ ነው።

አቤል_04

እኔ ከናንተ በዕድሜ ትንሹ ሳልሆን አልቀርም። ሃጂን የማውቀው በልጁ በያኒስ ነው፣ ሬንጀርስ የነበረው። አባትየው አሰልጣኝ ሆኖ ግን ብዙም አልተሳካለትም አይደል?

የሬጂ_ዶርም

ልጄ አቤል፣ ሁለት ቦታ ከፍለህ እየው። በሌሎች ቤት ሲቀጠር ብዙም አልሆነለትም። 2001 ላይ ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ፣ ለ2002 የዓለም ዋንጫ በማጣሪያው ጨዋታ ስሎቬኒያ ጣለችው። ስቴያዋም ሄዶ አልቆየም። ጋላታሳራይ ላይ 2005 የቱርክን ዋንጫ ፌነርባቼን 5 ለ 1 አሸንፎ ወስዷል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ግን አልተሳካም።

በራሱ ቤት ግን ሌላ ነው። 2009 ላይ በገዛ ገንዘቡ ኮንስታንታ አጠገብ፣ ኦቪዲዩ ላይ የወጣቶች አካዳሚ ከፈተ፣ ቪቶሩል የሚባል ክለብም አቋቋመ። በሦስት ዓመት ዋናው ሊግ ገቡ። 2017 ላይ በልጆች ቡድን ሻምፒዮን ሆኑ፣ አሰልጣኙም ባለቤቱም እሱ ነው። 2021 ላይ ክለቡን እሱ ራሱ በልጅነቱ ከጀመረበት ከፋሩል ጋር አዋሐደው። 2023 ላይ ፋሩል የቡካሬስቱን ኤፍሲኤስቢ 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 3 ለ 2 አሸነፈና ሊጉን በላ።

አካዳሚው ውስጥ ያደጉት ልጆች ብሔራዊ ቡድን ድረስ ደርሰዋል፣ ያኒስም ከነሱ አንዱ ነው። ያኒስ የአባቱን ያህል አይደለም፣ ማንም አይሆንም። ግን ሁለቱንም እግሩን ይጠቀማል። አባትየው በቀኙ የመታትን ሁሉ በጣት መቁጠር ይቻላል።

ጥላ_ፎቅ

ጋሼ፣ አርጀንቲና ላይ ያገባት በቀኙ ነበረች ሲሉ ነበር እነ ሎስ አንጀለስ።

የሬጂ_ዶርም

በጣት ከሚቆጠሩት አንዷ እሷ ናት።

ጥላ_ፎቅ

እሺ። ሃጂን የዘጠናዎቹ አምስት ውስጥ አስገባለሁ፣ ከባጂዮና ከዚዳን በታች። ከዚያ በላይ አትጎትቱኝ። ቤሎዴዲች ግን የራሱ ክር ይገባዋል። በሁለት የተለያዩ ክለቦች የአውሮፓ የክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተሰልፎ ዋንጫውን በመብላት የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው፣ ስቴያዋ 1986፣ ቀይ ኮከብ ቤልግሬድ 1991። ማንም ስሙን አያነሳውም።

ግራ_እግር

ክፈተው እንጂ ወንድሜ፣ እኛ እንገባልሃለን። ጋሼንም ጋብዛቸው፣ ቤሎዴዲችንም በስቴያዋ ማልያ አይተውት ይሆናል።